ካርታው ከቤት አይውጣ

የምክር ዓምድ

የአንባቢዋ ደብዳቤ፦

«ባለቤቴ በአንድ የግል የትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ 12 ዓመት የሠራ ሹፌር ነው። ሐምሌ 3 ቀን ማለዳ ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ቀኝ እጁና እግሩ ከዱት፤ አንደበቱም ተሳሰረ። ሆስፒታል ወስደነው በሲቲ ስካን ሲታይ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም መርጋቱ ታወቀ፤ 17 ቀን ተኝቶ ወጣ። ደም ግፊት እንዳለበት ከሦስት ዓመት በፊት ተነግሮት ነበር፤ ‹ደህና ነኝ› እያለ መድኃኒቱን አቁሞት ኖሯል። አሁን በምርኩዝ ከአልጋው እስከ በረንዳ ይሄዳል፤ ቀስ ብሎም ይናገራል።

እስከ ዛሬ 310,000 ብር ገደማ ወጥቷል። 90,000 የቆጠብነው ነው፤ 60,000 ከሱቄ አወጣሁ፤ 70,000 ዘመድ አዋጣልን፤ ቀሪው 90,000 ዕዳ ነው፤ 50,000 በርበሬ ከሚያቀርብልኝ ነጋዴ፣ 40,000 ከባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች። መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለችኝ። ቀድሞ በወር 8,000 ብር ታተርፍልኝ ነበር፤ አሁን መደርደሪያው ስለ ተራቆተ 5,000 ካገኘሁ ተመስገን ነው። ከግቢያችን ሰርቪስ ቤት 3,000 ብር ኪራይ እናገኛለን። የባለቤቴ ደመወዝ 14,000 ብር ነበር፤ ድርጅቱ የሐምሌን ከከፈለ በኋላ ‹ያልሠራ ሰው አይከፈለውም› ብሎ አቆመ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሳምንት ሦስት ቀን ቤት እየመጣ በእያንዳንዱ ቀን 500 ብር ይወስዳል፤ መድኃኒቱ በወር 2,400 ብር ነው። በየሳምንቱ 500 ብር የምጥልበት የ40 ሰው ዕቁብ አለኝ፤ ዕጣው ገና አልወጣልኝም፤ ልተወው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። 11ኛ ክፍል መግባት የነበረባት ልጄ አባቷን ለማስታመም ብላ ዘንድሮ አልተመዘገበችም።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቤቱን ሸጠን ወደ ሕንድ እንድንወስደው ይወተውተኛል። እኔ ደግሞ ቤቱ ከሚሸጥ ብዬ አንድ አበዳሪ አነጋገርኩ። 250,000 ብር በወር 10 በመቶ ሊያበድረኝ ተስማማ፤ ለዋስትና ግን የቤቱን የሽያጭ ውል እንድንፈርምለትና ካርታውን እንድናስረክበው ጠየቀኝ። የቱን ላድርግ? እንዳይጨነቅ ብዬ ለባለቤቴ ምንም አልነገርኩትም።»

ስሜ ይቆይ፣ ከሐዋሳ፣ ኅዳር

መልስ፦

ውድ እህቴ፤ ባለቤትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ጥያቄዎ «የቱን ላድርግ» የሚል ስለሆነ መልሴን አላዘገይም፤ ከሁለቱ አንዱንም አያድርጉ። ቤቱም አይሸጥ፣ የአበዳሪውም ወረቀት አይፈረም። ይህን የምለው ችግርዎ ቀላል መስሎኝ አይደለም። በደብዳቤዎ ውስጥ ራስዎ የጻፏቸው ቁጥሮች ሌላ መንገድ እንዳለ ስለሚያሳዩ ነው፤ አምስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ያንን መንገድ ባያየው አይፈረድበትም።

ከአበዳሪው ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ የማይመለስ ጉዳት የሚመጣው በእርሱ በኩል ነውና። የ250,000 ብር 10 በመቶ በወር 25,000 ብር ነው። የዛሬው ገቢዎ ከሱቅና ከኪራይ ተደምሮ 8,000 ብር በመሆኑ፣ ቤተሰቡ እህል ሳይቀምስ ወሩን ቢያሳልፍ እንኳ ለወለዱ የሚከፍሉት ሲሶውን አይሞላም። በዓመት ወለዱ ብቻ 300,000 ብር ይደርሳል፤ ዋናው ብድር ግን ሳይነካ እንዳለ ይቆያል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ለሰው በሚያበድረው ገንዘብ ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም፤ በዚህ ልክ ቢሆን ኖሮ የዓመቱ ወለድ 30,000 ብር በሆነ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በሰው ችግር ተጠቅሞ አራጣ ማበደርን በወንጀል ያስጠይቃል። የብድር ውል ትቶ የሽያጭ ውል የሚጠይቅዎ ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ይመስለኛል። ቤቱ በብድር ውል መያዣ ቢሆን፣ አንድ ግለሰብ አበዳሪ ዕዳው ስላልተከፈለው ብቻ ቤቱን በቀጥታ የራሱ እንዲያደርግ ሕጉ አይፈቅድለትም። በሽያጭ ውል ግን እርስዎና ባለቤትዎ ውልና ማስረጃ ፊት «ሸጠናል፣ ገንዘቡንም ተቀብለናል» ብላችሁ ትፈርማላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ሽያጭ ሳይሆን ብድር እንደነበረ የማስረዳቱ ሸክም በእናንተ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ካርታው ከቤት አይውጣ፤ «ለማየት ብቻ ነው፣ ነገ ይመለሳል» ተብሎም ቢሆን አይውጣ።

የባለቤትዎ ታላቅ ወንድም የሚናገሩት ከወንድም ፍቅር ስለሆነ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ቤት ከመሸጡ በፊት የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከደም መርጋት በሚመጣ ስትሮክ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። እናንተ ያላችሁት አምስተኛው ወር ላይ ነው። በዚህ ጊዜ የተጎዳውን የአንጎል ክፍል ወደ ነበረበት የሚመልስ ቀዶ ሕክምናም ሆነ መርፌ፣ በሐዋሳም በሕንድም፣ የለም። ሕመምተኛውን የሚያሻሽለው ያልተጎዳው የአንጎል ክፍል ሥራውን ተክቶ እንዲሠራ በየቀኑ ማለማመድ ነው፤ ትልቁም ለውጥ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ውስጥ ሲሆን ከዚያም በኋላ ቀስ እያለ ይቀጥላል። ባለቤትዎ ከአልጋ ተነሥተው በረንዳ መድረሳቸው ይኸው ሕክምና እየሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው።

ይህን ከእኔ አፍ ሳይሆን ከሐኪም አፍ መስማት ይገባቸዋል። ስለዚህ ወንድማቸውን ይዘው በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ በተለምዶ ሪፈራል በምንለው፣ የነርቭ ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡና በእርሳቸው ፊት «ውጭ ሄደው የሚያገኙት፣ እዚህ ግን የማያገኙት ሕክምና ምንድን ነው? ከዚያስ ምን ያህል ለውጥ ይጠበቃል?» ብለው ይጠይቁ። አሁንም ልባቸው ካላረፈ የሲቲ ስካኑን ፊልምና ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣችሁን ማጠቃለያ ወረቀት ይዘው አዲስ አበባ ላለ አንድ ስፔሻሊስት ያሳዩ። ለዚህ የአውቶቡስ መሳፈሪያና የምርመራ ክፍያ ይበቃል፤ ቤት አያሸጥም።

አሁን ወደ ወሩ ሒሳብ እንግባ። ለፊዚዮቴራፒ 6,000፣ ለመድኃኒት 2,400፣ በድምሩ 8,400 ብር በየወሩ ይወጣል፤ ገቢው ደግሞ 8,000 ነው። የአንድ ቤተሰብ የጤና ወጪ ከጠቅላላ ወጪው ወይም ከገቢው 10 በመቶ ካለፈ ቤተሰቡ አደጋ ላይ እንደሆነ የሚቆጥር ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ የእርስዎ ቤት ግን ከገቢው በላይ ለሕመም እየከፈለ ነው። በዚህ ላይ ጤፍ አለ፣ ሌላም ልጅ ካለ የእርሱ ደብተር አለ፣ የመብራትና የውኃ አለ። 250,000 ብር ቢበደሩ እንኳ ይህን ቀዳዳ ለጥቂት ወራት ሸፍኖ ያልቃል እንጂ አይደፍነውም። መጀመሪያ ቀዳዳው መጥበብ አለበት።

ፊዚዮቴራፒውን ያቁሙ አልልም፤ ወሳኙ ሕክምና እርሱ መሆኑን ተናግሬያለሁና። ነገር ግን ባለሙያው መጥቶ የሚያሠራው እንቅስቃሴ አብዛኛው በቤተሰብ እጅ ሊሠራ የሚችል ነው። በግልጽ ያነጋግሩት፤ «በሳምንት አንድ ቀን እየመጣህ አዲሱን እንቅስቃሴ ለእኛ አሳየን፣ የቀረውን ቀን እኛ እናሠራቸዋለን፣ ስንሳሳት ታርመናለህ» ይበሉት። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ይህን በደስታ ይቀበላሉ፤ እንዲያውም በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ከሚሠራ ሰው በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚሠራው ይበልጥ ይጠቀማል። በዚህ ብቻ ወጪው ከ6,000 ወደ 2,000 ብር ይወርዳል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ግን አንዲት ክኒን እንኳ እንዳይቀንሱ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። አንድ ጊዜ ስትሮክ የመታው ሰው ዳግመኛ የመመታት ዕድሉ ከሌላው ሰው የበለጠ ነው፤ ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይከፋል። እናንተን 310,000 ብር ያስወጣችሁ፣ አንዲት ልጅ ከትምህርት ያስቀረው ነገር ሥሩ ቢፈለግ፣ ደህና ነኝ በሚል የተቋረጠ የደም ግፊት ክኒን ነው። ደም ግፊት ሳያም ይገድላል፤ ሰውየው ደህንነት የሚሰማው መድኃኒቱ እየሠራለት ስለሆነ ወይም በሽታው ስለማይሰማ ነው እንጂ ስለ ዳነ አይደለም። ወደ ጠበል መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፣ ጸሎቱም ይቀጥል፤ ክኒኑም አብሮ ይዋጥ።

ዋጋውን መቀነስ የሚቻለው ዓይነቱን በመቀነስ ሳይሆን የሚገዛበትን ቦታና ስሙን በመቀየር ነው። ለደም ግፊት የሚታዘዙት እንደ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት፣ እንዲሁም ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው አስፕሪን ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ፣ በብዙ ፋብሪካዎች የሚመረቱ መድኃኒቶች ናቸው። አንዱ መድኃኒት በልዩ ልዩ የንግድ ስም ሲሸጥ ዋጋው በእጅጉ ይለያያል። ሐኪሙ ማዘዣውን በመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ ከዚያም በመጀመሪያ የመንግሥት ሆስፒታሉን ወይም የጤና ጣቢያውን ፋርማሲ ይሞክሩ፤ ከግል መድኃኒት ቤት የሚገዙት እዚያ የጠፋውን ብቻ ይሁን። የግፊት ክትትሉንም ሐኪሙ ከፈቀደ በቀበሌዎ ጤና ጣቢያ ማድረግ የባጃጅ ኮንትራቱንና የውሎ ወጪውን ያስቀርልዎታል። የጎረቤት መድኃኒት ግን አይዋሱ፤ አስፕሪን ለረጋ ደም እንጂ በጭንቅላት ውስጥ ደም ለፈሰሰበት ሰው አይሆንም፤ ለአንዱ ያዳነው ለሌላው መርዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ባልትና ባለሙያ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለቤቱ ጨው ያልገባበት ሽሮና በርበሬ ለብቻ ያዘጋጁ፤ የእርስዎንም ግፊት ያስለኩ። አስታማሚዋ ከወደቀች ቤቱን የሚይዘው የለም።

ወጪው ይህን ያህል ከተባለ፣ የቀረብዎት ገንዘብ ደግሞ አለ። ድርጅቱ «ያልሠራ ሰው አይከፈለውም» ማለቱ ከሕግ ጋር አይሄድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ባልመጣ ሕመም መሥራት ቢያቅተው በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ባለቤትዎ የተቀበሉት የመጀመሪያውን ወር ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለት ወር ግማሽ ደመወዝ፣ ማለትም 14,000 ብር ይቀራቸዋል። ከዚህም በላይ፣ ሐምሌ 3 የጀመረው ስድስት ወር የሚያልቀው ጥር መግቢያ ላይ በመሆኑ እስከዚያ ድረስ ባለቤትዎ በሕመም ፈቃድ ላይ ያሉ የድርጅቱ ሠራተኛ ናቸው።

ይህን ገንዘብ በቃል አይጠይቁ። ሐኪሙ የሰጠውን የሕመም ማስረጃ ቅጂ አያይዘው፣ ቀን ያለበት ማመልከቻ ለድርጅቱ ያስገቡና በቀሪው ቅጂ ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለው ያስፈርሙ። ደመወዝን የሚመለከት ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ የነሐሴው ግማሽ ደመወዝ ከየካቲት መጨረሻ በኋላ የማይጠየቅ ይሆናል ማለት ነው። ድርጅቱ እምቢ ካለ በከተማው የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት ያሉት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ዘንድ ይሂዱ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስም ሠራተኛ የሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም። ጠብ ለመፍጠር ሳይሆን የሚገባዎትን ለመጠየቅ መሆኑን በትሕትና ይንገሯቸው፤ ከአሠሪው ጋር ገና ሌላ ጉዳይ አለና።

ሌላው ጉዳይ ይህ ነው። ባለቤትዎ መሪ ለመጨበጥ የማይችሉበት ጊዜ ሊረዝም ይችላል፤ ይሁን እንጂ 12 ዓመት መንገዱንና ሹፌሮቹን ያወቀ ሰው ስምሪት ክፍል ቁጭ ብሎ ሊሠራው የሚችለው ብዙ ሥራ አለ። ጥር ከመግባቱ በፊት ቀለል ያለ ሥራ እንዲመደቡ በዚያው ማመልከቻ ይጠይቁ። ይህ ካልተሳካና ሐኪሞች መሥራት እንደማይችሉ ካረጋገጡ፣ የጡረታ መብታቸው አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛ በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ይከፍላሉ፤ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያለው ሰው በሕመም ምክንያት ሥራ ለመሥራት አለመቻሉ በሕክምና ማስረጃ ሲረጋገጥ ዕድሜው ለጡረታ ባይደርስም የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ያገኛል። ከ10 ዓመት በታች ቢሆን ኖሮ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ብቻ ነበር የሚሆነው። የእርሳቸው 12 ዓመት በሙሉ መዋጮው የተከፈለበት መሆኑን የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ዘንድ ሄደው አሁኑኑ ያጣሩ፤ አንዳንድ አሠሪ ከሠራተኛው እየቆረጠ ገቢ ሳያደርግ የሚቆይበት ጊዜ አለ፤ ይህ ደግሞ ቶሎ ሲታወቅ ይስተካከላል።

በደብዳቤዎ ውስጥ እጅግ ያሳሰበኝን ነገር እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል፤ «60,000 ከሱቄ አወጣሁ» ብለዋል። በቤትዎ ያለው በሽተኛ አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ሱቅዎ ነው፤ እርሱን ግን ማንም አይጠይቀውም። ልጅ ሳለሁ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት እንላት ነበር፣ አባቴ ለረጅም ጊዜ ታመመና እናቴ እኛን የምትመግብበትን የልብስ ስፌት መኪና ሸጠች። ገንዘቡ በስድስት ሳምንት አለቀ። አባቴ ዳነ፤ መኪናው ግን አልተመለሰም፤ እናቴም ቀሪ ዘመኗን በሰው መኪና፣ በሰው ቤት፣ በቀን ሒሳብ ስትሰፋ ኖረች። ሕመሙ ከቤታችን ከወጣ በኋላ ድህነቱ ተቀምጦ ቀረ። ያንን ስላየሁ ነው ከሱቁ ሳንቲም አይውጣ የምልዎት።

ስለዚህ ዕቁቡን አይተዉት። ዳኛውንና ጸሐፊውን ለብቻ አግኝተው ችግርዎን ያስረዱና የቅርቡ ዕጣ ለእርስዎ እንዲሰጥ፣ ወይም ዕጣ የሚወጣለት ሰው ተራውን እንዲለውጥልዎ ይጠይቁ፤ የታመመ ላለበት አባል ይህን ማድረግ በዕቁብ የተለመደ ነው፤ ዋስ ከተጠየቁም ከወዲሁ ያዘጋጁ። የሚወጣው 20,000 ብር ግን ለሕክምና አይነካ። በርበሬና ሽሮ ይገዛበት። መደርደሪያው ሲሞላ ከ5,000 ወደ 8,000 የሚመለሰው 3,000 ብር በየወሩ የሚደገም ገንዘብ ነው፤ ለመድኃኒት የሚሆነው እርሱ ነው። ድርጅቱ 14,000ውን ሲከፍል ደግሞ ሙሉውን በርበሬ ለሚያቀርብልዎት ነጋዴ ይስጡ። ከባልደረቦቻቸው ዕዳ አስቀድሜ የነጋዴውን ያነሣሁት ባልደረቦቹ ስለማይገባቸው ሳይሆን፣ ነጋዴው ካመነዎት ሸቀጥ በዱቤ መስጠቱን ስለሚቀጥል ነው። ለባልደረቦቹም ሳይጠይቁዎት ቀድመው ይሂዱና፣ ሱቁ ሲያገግም በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንደሚከፍሉ ይንገሯቸው። ቀድሞ የሚናገር ባለ ዕዳ ይታመናል።

የጤና መድንን በተመለከተ፣ ባለቤትዎ ተቀጣሪ ስለነበሩ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል አልሆናችሁ ይሆናል፤ እርሱ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራው ሲጀመር የታሰበው ደመወዝተኛ ላልሆነው ነዋሪ ነውና። አሁን ግን ቤታችሁ የሚተዳደረው በእርስዎ ንግድ ስለሆነ ቀበሌ ሄደው መመዝገብ ይችሉ እንደሆነ፣ ምዝገባውም የሚከፈተው መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። አባል ከሆኑ ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል የሚሄድ መሆኑን ያስታውሱ፤ ደረጃውን ዘለው ቢሄዱ ወጪው በራስዎ ላይ ይወድቃል።

ስለ ልጅዎ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። አባቷን ማስታመሟ የሚያስመሰግናት ነው፤ ነገር ግን ይህ ቤት ካሉት ሀብቶች ሁሉ ከቤቱም ከሱቁም የሚበልጠው እርሷ ናት። ትምህርት ቤቷ ሄደው ርእሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ ዘንድሮ ዘግይታ መግባት የማይፈቀድ ከሆነ በማታው ክፍለ ጊዜ መማር የሚቻልበት መንገድ ካለ ይጠይቁ፤ የለም ከተባለም ለመጪው ዓመት ቦታዋ እንዳይጠፋ የሚያስፈልገውን ሰነድ ይያዙ፤ ባለችበትም መጽሐፏን እንድታነብ ጊዜ ይስጧት። በእርሷ ምትክ ማን ይቀመጥ ለሚለው፣ መልሱ በየቀኑ በርዎን የሚያንኳኳው ጠያቂ ነው። ጠያቂ ዳቦና ለስላሳ ይዞ ይመጣል፤ እርስዎም ሱቅዎን ዘግተው፣ ቡና አፍልተው፣ ስኳርና ከሰል አውጥተው ያስተናግዳሉ፤ ውለታውን የማከብረው ቢሆንም ይህ በወር ሲደመር ትንሽ ወጪ አይደለም። «ምን እናምጣ» ሲሉዎ «ማክሰኞ ከሰዓት አብረዋቸው ይቀመጡልኝ፣ ክንዳቸውን ያሠሯቸው» ለማለት አይፈሩ። ለሴቶች እድርዎም ይንገሩ። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይዞ የሚደርሰውን ያህል ሰው ሲታመም አይደርስም፤ ነገር ግን አንዳንዱ መተዳደሪያ ደንቡን አሻሽሎ ለታመመ አባል እርዳታ ወይም ያለ ወለድ ብድር ይሰጣል፤ የእርስዎ እድር ደንቡ ባይኖረው እንኳ አባላቱ ተራ ገብተው እንዲያስታምሙ መጠየቅ ደንብ አይጠይቅም።

የመጨረሻው ነገር ለባለቤትዎ አለመንገርዎ ነው። ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እርሳቸው አንደበታቸው ዘገየ እንጂ አእምሯቸው አልጠፋም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ልጃቸው ትምህርት ቤት አለመሄዷን፣ እርስዎ ማታ ማታ ሒሳብ ሲጽፉ ማልቀስዎን ያያሉ። ያልተነገራቸውን ነገር ከእውነቱ የከፋ አድርገው ይገምቱታል። ቤቱም የጋራችሁ ነው፤ በቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ባልና ሚስት ፈቃድ አይሸጥም፣ ለዕዳ መያዣም አይሰጥም። ወንድማቸውን ለመመለስም ከእርስዎ ይልቅ የእርሳቸው አንድ ቃል ይበቃል። የቅጥር ውላቸው የት እንደተቀመጠ፣ የጡረታ ቁጥራቸው ስንት እንደሆነ፣ በድርጅቱ ውስጥ ነገሩን በቅንነት የሚያይ ኃላፊ ማን እንደሆነ የሚያውቁትም እርሳቸው ናቸው።

ጠዋት ደህና ሆነው በሚነቁበት ሰዓት አጠገባቸው ይቀመጡና ከጭንቀቱ ሳይሆን ከማመልከቻው ይጀምሩ። «ድርጅቱ ያልከፈለን 14,000 ብር አለ፣ ደብዳቤውን እንዴት ብለን እንጻፈው» ይበሏቸው፤ ጊዜ ይስጧቸው፣ ቃሉን አይቀሟቸው። ልጅዎ ትጻፈው። ቀኝ እጃቸው ብዕር ካልያዘላቸው በግራቸው፣ እርሱም ካልሆነ በጣት አሻራቸው ይፈርሙ፤ ቀኑን በግልጽ መጻፍ አይርሱ፤ ሁለት ቅጂ ይሁን።